አንድ ውሰድ፣ ሁለት መልስ

ሰሞኑን ስልኬ በጥሪ ተጨናንቋል። ሐሙስ ማታ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ንግግር አለ ይሉኛል። ቅዳሜ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥተው ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆች የሚወዳደሩበት ሃካቶን አለ። እሑድ ከሰዓት ሥዕልና ሙዚቃ፣ ሮቦትና ግጥም አንድ መድረክ ላይ የሚወጡበት ፌስቲቫል አለ። ሁሉም ጥሪ "መግቢያ በነፃ" ይላል፤ "ቦታው ውስን ስለሆነ ቀድመው ይመዝገቡ" ማለቱንም አይረሳም።

ባለፈው እንዲህ ካለው ዝግጅት አንዱ ላይ ተገኝቼ ነበር። የመክፈቻ ንግግር፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የስፖንሰሩ ንግግር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ የመክፈቻ ንግግር። (አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንደሚከፈት የሚያውቅ ቢኖር ይንገረኝ።) አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ እግሩ ሥር ፌስታል አስቀምጧል። ምን እንደያዘ ስጠይቀው ከፈት አድርጎ አሳየኝ፤ ከአሮጌ ሬዲዮና ከተጣለ ስልክ ነቃቅሎ የገጣጠመው ነገር ነው። "ለሰው ላሳየው ነበር የመጣሁት" አለኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቀ። ለጥያቄ የተመደበው አሥር ደቂቃ በሁለት ረዣዥም አስተያየቶች አለቀ፤ ፎቶ ተነሣን፤ ልጁም ፌስታሉን እንዳንጠለጠለ ወጣ።

የዛሬው ጽሑፌ የዚያ ፌስታል ጉዳይ ነው። የቴክኖሎጂ ወዳጆችና የአፈንጋጮች ስብስብ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም፤ እንዲያውም ልጁ ፌስታሉን ይዞ የሚመጣበት ስብስብ ነበር። ታሪኩን አብረን እንየው፤ ማን ምን አምጥቶ ማን ምን ይዞ እንደሄደ መጨረሻ ላይ እንቆጥራለን።

ጊታርና ሽቦ

ነገሩ የሚጀምረው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 21 እስከ 23 ቀን 1966 ድረስ በከተማው የወደብ ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ "ትሪፕስ ፌስቲቫል" የተባለ የሦስት ቀን ዝግጅት ተካሄደ። ካዘጋጁት መካከል ስቲዋርት ብራንድ፣ ደራሲው ኬን ኬሲና የሙዚቃ ቀማሪው ራሞን ሴንደር ይገኙበታል። ግሬትፉል ዴድ የተባለው ባንድ ተጫወተ፤ ግድግዳው ላይ ፊልምና ቀለማት ተረጩ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያ አዳራሹን በማይታወቅ ድምፅ ሞላው። ኤልኤስዲ የተባለው ሐሳብ አዛዋሪ ዕፅ በካሊፎርኒያ ገና በሕግ ያልተከለከለበት ጊዜ ነበር (የተከለከለው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ነው)፤ ስለዚህ የአዳራሹን ሁኔታ ለእናንተ ግምት እተወዋለሁ።

ከዕፁ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሽቦው ነው። እነዚያ ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ልጆች "ፋብሪካውና ጦር ሠራዊቱ ሰውን ማሽን አደረጉት" እያሉ የሚያማርሩ ነበሩ። ማሽን ግን አልጠሉም። ማጉያውን፣ መብራቱን፣ ፕሮጀክተሩን ለራሳቸው ጨዋታ አዋሉት። ጥያቄያቸው "ማሽን ይኑር ወይስ አይኑር?" ሳይሆን "ማሽኑ በማን እጅ ይሁን?" የሚል ነበር።

ይሄው ብራንድ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለ መሐንዲስ በሳን ፍራንሲስኮ የኮምፒዩተር ጉባኤ ላይ አንድ ሺህ ገደማ ለሚሆኑ ባለሙያዎች የዘጠና ደቂቃ ማሳያ አቀረበ። ማውስ፣ ስክሪን ላይ የሚስተካከል ጽሑፍ፣ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው የሚያሻግር ማገናኛ፣ በቪዲዮ የሚታይ የሥራ ባልደረባ፣ ይህ ሁሉ በአንድ መቀመጫ ታየ። ኮምፒዩተሩ ያለው አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን 48 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሜንሎ ፓርክ ነበር። እዚያ ሆነው ካሜራውን ከያዙት አንዱ ስቲዋርት ብራንድ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መሸፋፈን የለበትም። የኤንግልባርትን ቤተ ሙከራ በገንዘብ ከደገፉት መካከል የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ክፍል የሆነው አርፓ አንዱ ነበር። ልጆቹ የቬትናምን ጦርነት አደባባይ ወጥተው ሲቃወሙ፣ ነፃ ያወጣናል ብለው ያለሙት ማሽን በጦርነቱ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ይሠራ ነበር። ይህን የማይነግር የሂፒና የኮምፒዩተር ተረት ካጋጠማችሁ ግማሹ ተቆርጧል ማለት ነው።

ሃያ ሺህ ዶላር

በዚያው በ1968 መጸው ብራንድ "ሆል ኧርዝ ካታሎግ" የተባለ ወፍራም መጽሔት መሰል ነገር ማሳተም ጀመረ። ድንኳን እንዴት እንደሚተከል፣ ጉድጓድ እንዴት እንደሚቆፈር፣ የቱ መጽሐፍ እንደሚጠቅም፣ የቱ የሒሳብ ማሽን እንደሚሻል የሚጠቁም የመሣሪያዎች ዝርዝር ነው። ከተማ ጥለው ገጠር የገቡ ወጣቶች እንደ ዳዊት ደገሙት። ከዚያ ብራንድ ደከመውና በ1971 "የመጨረሻው" ያለውን እትም አወጣ፤ ይህ እትም በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ።

ካታሎጉን በወግ ለመቅበር እ.ኤ.አ. በሰኔ 1971 ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ኤክስፕሎራቶሪየም የሳይንስ ሙዚየም የስንብት ድግስ ተደገሰ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው መጣ። እኩለ ሌሊት አካባቢ ብራንድ ያልተጠበቀ ነገር ይዞ ወጣ፤ ሃያ ሺህ ዶላር፣ ያውም በጥሬው። "ይህ የእናንተ ነው፤ ምን እንደሚደረግበት ተነጋግራችሁ ወስኑ" አለ።

እንግዲህ ሃያ ሺህ ዶላር ለአንድ ሺህ ሰው ሲሰጥ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። አንዱ ተነሥቶ ለእንትን ይሁን አለ፤ ሌላው ተነሥቶ የለም ለእንቶኔ ይሁን አለ። ከገንዘቡ ጥቂቱ በታዳሚው መካከል ሲዘዋወር ጠፋ። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ሰው እየተንጠባጠበ ወጣ፤ ሊነጋ ሲል ጥቂት ሰዎች ብቻ ቀሩ። እነዚያም ቀሪውን፣ ወደ አሥራ አምስት ሺህ ዶላር የሚጠጋውን፣ ፍሬድ ሙር ለተባለ ሰው አስረከቡት።

ፍሬድ ሙር ገንዘቡን አልጠየቀም። ሌሊቱን ሲዞር የነበረው "ዛሬ እዚህ የተገናኘነው የእኛ አንድነት ከገንዘቡ ይበልጣል" የሚል ሐሳብ ያለበት ወረቀት ይዞ ሰው እያስፈረመ ነበር። ይህን ሰው ልብ በሉልኝ፤ የታሪኩ ዋና ሰው እሱ ነው።

የአባቱ ሥራ አየር ኃይል ነበር። እሱ ግን በ1959 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እንደገባ፣ ተማሪ ሁሉ ወታደራዊ ሥልጠና እንዲወስድ የሚያስገድደውን ደንብ ተቃውሞ አስተዳደሩ ሕንፃ ደረጃ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ጾመ። በኋላም አልመለመልም ብሎ እስር ቤት ገብቷል። በሰባዎቹ መጀመሪያ ሜንሎ ፓርክ አካባቢ ብስክሌቱን እየነዳ፣ ሴት ልጁን ለብቻው እያሳደገ፣ የሰዎችን ስም፣ ያላቸውን ዕውቀትና የሚፈልጉትን ነገር በትናንሽ ካርዶች ላይ እየመዘገበ ይኖር ነበር። "አናጢ የሚፈልገውን ከአናጢው፣ መምህር የሚፈልገውን ከመምህሩ ባገናኝ" ነው ሐሳቡ። ካርዱ ሲበዛበት ይህን ሥራ ኮምፒዩተር ቢሠራው ይሻላል ብሎ አሰበ። ኮምፒዩተር ግን በዚያን ጊዜ የመንግሥት፣ የባንክና የዩኒቨርሲቲ ንብረት ነበር።

ብቻውን አልነበረም። ቦብ አልብሬክት ከ1972 ጀምሮ "ፒፕልስ ኮምፒዩተር ካምፓኒ" የተባለ ጋዜጣ እዚያው ሜንሎ ፓርክ እያሳተመ፣ ልጆችን ፕሮግራም እያስተማረ ነበር። (ካምፓኒ ይባል እንጂ ነጋዴ አልነበረም።) ረቡዕ ረቡዕ ሁሉም የየቤቱን ምግብ ይዞ ይመጣና አብሮ በልቶ ስለ ኮምፒዩተር ያወራል። በ1973 ደግሞ ሊ ፌልሰንስታይንና ጓደኞቹ በርክሌይ ከተማ አንድ የሸክላ መሸጫ ሱቅ ውስጥ፣ የሙዚቀኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ካለ ትልቅ ኮምፒዩተር ጋር በስልክ መስመር የተገናኘ መተየቢያ አስቀመጡ። "ኮሚዩኒቲ ሜሞሪ" አሉት። መንገደኛ ሁሉ መጻፍና መፈለግ ይችላል። ባንድ የሚፈልግ ጊታር ተጫዋች ጻፈ፤ ቤግል የተባለው የቀለበት ዳቦ ጥሩው የት እንደሚገኝ የጠየቀም ነበር፤ አንዱም አጋገሩን ላስተምርህ ብሎ መለሰለት።

ጋራዡ

አሁን ወደ መጋቢት 5 ቀን 1975 (እ.ኤ.አ.) እንምጣ። በእኛ የካቲት 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ቀኑ አልደነገጣችሁም? ከአንድ ቀን በፊት፣ የካቲት 25፣ ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ አወጀ። "መሬት ላራሹ" ብለው የጮኹት ተማሪዎች ያኔ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ነበሩ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦ የለም፤ አጋጣሚ ነው። ግን ያ ትውልድ በዓለም ዙሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ዘመድ ነበር፤ ዋናው መሣሪያ በማን እጅ ይሁን? እዚህ መሣሪያው መሬት ነበር። እዚያ ኮምፒዩተር ሆነ።

በዚያ ረቡዕ ማታ ሜንሎ ፓርክ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። ፍሬድ ሙርና ጎርደን ፍሬንች የተባለ ወዳጁ በየቦታው ማስታወቂያ ለጥፈዋል፤ "ቤታችሁ ኮምፒዩተር እየሠራችሁ ነው? እንግዲያው ኑና ካላችሁ ቢጤዎች ጋር ተገናኙ" የሚል መንፈስ ያለው። በጎርደን ፍሬንች ጋራዥ 32 ሰው ተገኘ። መሐል ላይ አልቴይር 8800 የተባለች ሣጥን ተቀምጣለች።

ስለዚህች ሣጥን ጥቂት ልበል። ኤምአይቲኤስ የተባለ ትንሽ የኒው ሜክሲኮ ድርጅት በዚያው ዓመት ጥር ያስተዋወቃት፣ ዕቃዎቿን ገዝቶ ራሱ ለሚገጣጥም ሰው ከአራት መቶ ዶላር በታች የምትሸጥ ኮምፒዩተር ነች። ስክሪን የላትም፣ ኪቦርድ የላትም። ፊቷ ላይ ማብሪያ ማጥፊያዎችና ቀያይ መብራቶች አሉ፤ በቃ። የማስታወስ አቅሟ 256 ባይት ነበር፤ እናንተ አሁን ያነበባችሁት አንቀጽ እንኳ አይገባባትም። ግን የግል ንብረት መሆን ትችላለች። ለዚህ ነው ሰዎቹ በዝናብ የመጡት።

ከመጡት አንዱ የ24 ዓመቱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ነበር። ዓይን አፋር ነው። በዚያ ሌሊት ስለ አንድ ማይክሮፕሮሰሰር የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሲያነበው "ይህንንማ እኔም እሠራዋለሁ" አለ። በኋላ አፕል 1 የተባለው ኮምፒዩተር መነሻው ያ ምሽት ነው።

ስብስቡ "ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ" ተባለ፤ ቤት ያፈራው እንደማለት ነው፤ እንደ ጠላ። ፍሬድ ሙር የመጀመሪያዎቹን የክበቡ የዜና ወረቀቶች እያዘጋጀ በተነ። ጋራዡ ሲጠብ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ ስታንፎርድ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል አዳራሽ ተዛወሩ፤ ታዳሚው በመቶዎች ተቆጠረ። መድረኩን የሚመራው ከሸክላ ሱቁ የምናውቀው ሊ ፌልሰንስታይን ነበር።

የአመራሩን ዘዴ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ስብሰባው ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል የፈለገ ይነሣና በአጭሩ "እኔ ይህ አለኝ፤ ይህ ደግሞ ቸግሮኛል፤ እንዲህ የሚል ወሬ ሰምቻለሁ" ይላል። ፌልሰንስታይን ረዥም ንግግር የሚጀምረውን ይቆርጠዋል። በሁለተኛው ክፍል ሁሉም ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ዕቃ የቸገረው ዕቃ ወዳለው፣ ጥያቄ ያለው መልስ ወዳለው ይሄዳል። አዳራሹ ገበያ ይሆናል፤ ገንዘብ የሌለበት ገበያ። የፍሬድ ሙር ካርዶች ሰው ሆነው ቆሙ ማለት ነው።

ፌስታሉን ያንጠለጠለው ልጅ ትዝ አላችሁ? እዚያ ቢሆን ኖሮ የምሽቱ እንግዳ እሱ ነበር። በሚያዝያ 1975 ስቲቭ ዶምፒየር የተባለ አባል አልቴይሩን ይዞ መጣና አጠገቡ አንድ ትንሽ ሬዲዮ አስቀመጠ። ኮምፒዩተሩ ሲሠራ የሚፈጥረው የሬዲዮ ረብሻ፣ በፕሮግራም ሲመራ፣ የቢትልስን ዜማ ተጫወተ። ድምፅ ማውጫ የሌላት ሣጥን ዘፈነች። ሰዎቹ ቆመው አጨበጨቡ።

የወረቀቱ ጥቅልል

አሁን ወደ ክርክሩ ደረስን።

አልቴይር ላይ ሥራ ለመሥራት ቋንቋ ያስፈልጋል። ቢል ጌትስና ፖል አለን የተባሉ ሁለት ወጣቶች ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለአልቴይር አዘጋጁ፤ ኤምአይቲኤስም ይሸጠው ጀመር። ሰው ከፍሎ ይጠብቃል፤ ፕሮግራሙ ግን ይዘገያል። በሰኔ 1975 ኤምአይቲኤስ ፓሎ አልቶ ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል ማሳያ አዘጋጀ። በዚያ ግርግር መሐል ፕሮግራሙ የተበሳበት የወረቀት ጥቅልል ወለል ላይ ነበርና አንድ ሰው አንሥቶ ወሰደው። ጥቅልሉ ዳን ሶኮል የተባለ የክበቡ አባል እጅ ገባ። ሶኮል በመሥሪያ ቤቱ ፈጣን ማሽን አባዝቶ በቀጣዩ ስብሰባ በካርቶን ይዞ መጣ። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ የወሰደ፣ ሁለት አባዝቶ ይመልሳል።

በየካቲት 3 ቀን 1976 (እ.ኤ.አ.) ቢል ጌትስ ለኮምፒዩተር ወዳጆች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ዕድሜው ሃያ ዓመት ነበር። ደብዳቤው የክበቡ የዜና ወረቀት ላይም ወጣ። ይዘቱ ባጭሩ፦ ፕሮግራሙን ለመሥራት የተጠቀምንበት የኮምፒዩተር ጊዜ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል፤ ከአልቴይር ባለቤቶች ከፍሎ የገዛው ከአሥር በመቶ በታች ነው፤ ያገኘነው ገቢ በሥራ ሰዓታችን ቢካፈል በሰዓት ሁለት ዶላር አይሞላም፤ የምታደርጉት ሌብነት ነው፤ በነፃ ማን ደህና ሶፍትዌር ይሠራል?

እውነቱን እንነጋገር። አዲስ አበባ ያደግን ልጆች ይህን ክርክር በመጽሐፍ አላወቅነውም። የተባዛ ሲዲ ይዘን፣ በፍላሽ ተቀባብለን፣ መማሪያ መጽሐፋችንን ፎቶ ኮፒ አስነሥተን ነው የተማርነው። ስለዚህ ልባችን ወደ ሶኮል ያደላል። ነገር ግን ካሴቱ የተገለበጠበት ዘፋኝ፣ መጽሐፉ ፎቶ ኮፒ የተነሣበት ደራሲ ሲያለቅስም አይተናል። የሃያ ዓመቱ ልጅ ጥያቄ ተራ አይደለም። የሠራ ሰው እንዴት ይብላ?

የሚገርመኝ የክበቡ ሰዎች የሰጡት መልስ ነው። ስድብ የላኩ ነበሩ፤ ግን በሥራ የመለሱም ነበሩ። ዴኒስ አሊሰን ከደብዳቤው አስቀድሞ "ታይኒ ቤዚክ" የተባለ ትንሽ ቋንቋ ንድፍ በአልብሬክት ጋዜጣ ላይ አውጥቶ ነበር፤ አንባቢዎች ከየቤታቸው እየጻፉ ላኩ፤ ለእሱ ሲባል በ1976 መጀመሪያ "ዶክተር ዶብስ ጆርናል" የተባለ መጽሔት ተወለደ። ቶም ፒትማን የራሱን ታይኒ ቤዚክ በአምስት ዶላር ሸጠ፤ ዋጋው እንዲህ ሲቀንስ ሰው ከመገልበጥ ይልቅ ይገዛል ብሎ። ሊ-ቼን ዋንግ ደግሞ ፓሎ አልቶ ታይኒ ቤዚክ የተባለውን ሠርቶ "መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው" በሚባልበት ቦታ "ኮፒሌፍት" የሚል ቀልድ ጻፈበት። ቀልዱ ከዓመታት በኋላ ቁም ነገር ሆነ፤ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የጀመረው የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ቃሉን ለሕጋዊ ፈቃዱ ተጠቀመበት። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት አንድሮይድ ስልክ ልቡ ሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስ የሚሠራጨው በዚያ ፈቃድ ነው። "በነፃ ማን ይሠራል?" የሚለው ጥያቄ ኪሳችን ውስጥ ተመልሷል።

ማን ምን ይዞ ሄደ?

ዎዝኒያክ የአፕል 1ን ንድፍ በስብሰባው ላይ በነፃ ያድል ነበር፤ ሌሎች እንዲገጣጥሙ ቤታቸው ሄዶ ይረዳቸው ነበር። ጓደኛው ስቲቭ ጆብስ "ለምን አንሸጠውም?" አለ። ሚያዝያ 1 ቀን 1976 አፕል ተመሠረተ። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው የመጀመሪያው የዌስት ኮስት ኮምፒዩተር ትርዒት ላይ፣ ከአሥራ ሁለት ሺህ በላይ ሰው በተገኘበት፣ አፕል 2 ለሕዝብ ታየ። ከሆምብሩ አባላት የተወለዱት ድርጅቶች ከሃያ በላይ ናቸው። ንግድ ሲመጣ ምስጢር መጣ፤ ትናንት "ይህ አለኝ" ብሎ የሚነሣው ሰው ዛሬ "እሱን መናገር አልችልም" ማለት ጀመረ። ክበቡ እስከ 1986 ቆይቶ ተበተነ።

ፍሬድ ሙርስ? ክበቡ ዝነኛ ከመሆኑ በፊት ራቀ። ወደ ሰላም ሥራው ተመለሰ። ሀብታም አልሆነም፤ በ1997 በመኪና አደጋ ሞተ። ስሙን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? አሥራ አምስት ሺህ ዶላር በእጁ ሲገባ የተጨነቀው ሰው የጠራው ስብሰባ፣ በታሪክ ከታዩት ትላልቅ ሀብቶች የአንዱ መነሻ ሆነ። እሱ የተመኘው ግን የሰዎች መገናኘትን ነበር።

ዎዝኒያክም ራሱ ያ ነገር ሳይናፍቀው አልቀረም። በመስከረም 1982 በራሱ ገንዘብ "አስ ፌስቲቫል" የተባለ ግዙፍ የሮክ ሙዚቃና የቴክኖሎጂ ድግስ ደገሰ። ስሙ "እኛ" ማለት ነው። በግንቦት 1983 ደገመው። ሚሊዮኖች ዶላር ከሰረበት። እኛነትን በገንዘብ መግዛት እንደማይቻል ከዚህ በላይ ውድ ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

በተመሳሳይ ዘመን ጀርመን ውስጥ ሌላ መንገድ ተጀመረ። በ1981 በርሊን የተመሠረተው ኬዮስ ኮምፒዩተር ክለብ በኅዳር 1984 የመንግሥት ፖስታ ቤት "አስተማማኝ ነው" ይለው የነበረው የመረጃ አገልግሎት ቀዳዳ እንዳለው ለማሳየት፣ በአንድ ሌሊት ከአንድ የሐምቡርግ ባንክ 135 ሺህ ማርክ ገደማ ወደራሱ አስገባ። ከዚያ ጋዜጠኞችን ጠርቶ ገንዘቡን መለሰ። በዚያው ወር መጨረሻ ሳይሆን በቀጣዩ፣ በታኅሣሥ 1984፣ የመጀመሪያውን ጉባኤውን ሐምቡርግ ውስጥ አደረገ። ጉባኤው ከገናና ከአዲስ ዓመታቸው መሐል ይካሄዳል፤ በ2019 አሥራ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ተገኝቶበታል። ወንበር የሚደረድሩት፣ በር የሚጠብቁት፣ ንግግሩን ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልሱት "መላእክት" የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ እነሱም ራሳቸው ትኬት የገዙ ታዳሚዎች ናቸው። ንግግሮቹ ተቀርጸው በነፃ ለዓለም ይለቀቃሉ። አርባ ዓመት የቆየው ምናልባት እንግዳና አስተናጋጅ ስላልተለየበት ይሆናል።

ፍትሐዊ ልሁንና ጉድለታቸውንም ልንገር። የሆምብሩ አዳራሽ ከሞላ ጎደል የወንድ፣ ያውም የነጭ ወንድ አዳራሽ ነበር። "ለሁሉም ክፍት ነው" ማለትና ሁሉም መምጣት መቻሉ የተለያዩ ናቸው። ይሄ እኛንም ይመለከታል፤ ማታ ሁለት ሰዓት የሚያልቅ ዝግጅት ላይ ሴት ልጅ ታክሲ አጥታ እንዴት ወደ ቤቷ እንደምትመለስ ያሰበ አዘጋጅ ስንቱ ነው?

እኛና ፌስታሉ

አዲስ አበባም የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ2011 አይስአዲስ ሲመሠረት ወጣቶች ሐሳባቸውን ይዘው የሚመጡበት ቤት ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከተሉ። ደግሞም ይህን ጽሑፍ በፊደላችን ስክሪን ላይ የምታነቡት ያለ ምክንያት አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ እስኪገባ ድረስ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው ሣጥን ሣጥን ብቻ ይታየው ነበር። ለዚያ ሥራ ዓመታት ያዋሉ፣ ነፃ ፎንት ሠርተው ያደሉ ሰዎች ነበሩ። እኛ አንድ ወስደናል። ሁለት መልሰናል ወይ?

ከፈረንጅ መማር የግድም አይመስለኝም። ጽዋ ማኅበር የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ተራ የደረሰው ይደግሳል፣ የጠገበ ለሚቀጥለው ዝክሩን ይረከባል። ደቦ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ዛሬ የአንተ ማሳ ነገ የእኔ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያልን አድገናል። አዳራሽ ስንገባ ግን ይህን ሁሉ በር ላይ አውልቀን፣ መድረክና ታዳሚ ሆነን እንቀመጣለን።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከሦስቱ ጥሪዎች ወደ አንዱ የምትሄዱ ከሆነ (እኔ የቅዳሜውን አስቤያለሁ) አዘጋጆቹን አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ሁለቱ የመክፈቻ ንግግሮች አንድ ይሁኑና የተረፈው ግማሽ ሰዓት "ይህ አለኝ፤ ይህ ቸግሮኛል" ለሚል ሰው ይሰጥ። እምቢ ካሉ ደግሞ ሻይ ዕረፍት ላይ ራሳችሁ ጀምሩት፤ ለእሱ ማይክራፎን አያስፈልግም፤ ፍሬድ ሙር የጀመረው በጓደኛው ጋራዥ ነው።

ፌስታል ያንጠለጠለ ልጅ ካያችሁም ምን እንደያዘ ጠይቁት። የባለፈው ልጅ ሲወጣ እኔ ስልኩን እንኳ አልተቀበልኩትም። ፎቶ ስነሣ ነበር።